ኩርሽም የሚል ፒዛ

እናቴ ፒዛ በሩዝ መጋገር የጀመረች ሰሞን ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ፀጉሬን ማሽተት ካቆመ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አልመሰለኝም። አንዱ የእናቴ እብደት፣ ሌላው የእኔ ሐዘን ነው ብዬ ለየብቻ ይዣቸው ነበር።

አባቴ ፒዛ ጋጋሪ ነው። ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ርቆ ባለ ምግብ ቤት ፊቱን ለምድጃ፣ ጀርባውን ለተመጋቢ ሰጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጎንበስ ይልና አፍንጫውን አናቴ ላይ ተክሎ ውሎዬን ይነግረኝ ነበር። «ጠመኔ» ይላል። «ብርቱካን። ብርቱካኑን በልተሽ እጅሽን ፀጉርሽ ላይ ጠርገሻል። ደግሞ... ቆይ፣ ቆይ... ይቺ የማን ድመት ናት?» አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ተዋት እንጂ፣ ልጅቷ ፒዛ መሰለችህ እንዴ?» ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት ከሰማያዊ ጠርሙስ አበባ አበባ የሚሸት የኮኮናት ቅባት እየቀባች የምትጎነጉነኝ እሷ ናት። አባቴ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ከሁሉም በታች ደግሞ ሰማያዊው ቅባት» ብሎ ይጨርስና ነው ጫማውን የሚፈታው።

አንድ ቀን ራሱን በፋሻ ታስሮ መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አዳልጦት የጭንቅላቱ ጀርባ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው አሉ። ፋሻው በሳምንቱ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ በጎኔ አልፎ መግባት ጀመረ።

መጀመሪያ አሞት ነው አልኩ። ቀጥሎ ጥፋቴን መፈለግ ያዝኩ። ፀጉሬን በቀን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ አልሆነም። ደግሞ ሳልታጠብ ሰነበትኩ። በመጨረሻ የብርቱካን ልጣጭ ጆሮዬ ሥር ሸጉጬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። «ድንቢጤ፣ እንደምን ዋልሽ?» አለና አናቴን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ አለፈ። ልጣጩ መሬት ወደቀ። ከእንግዲህ አይወደኝም ብዬ የቆረጥኩት ያን ዕለት ነው።

አሁን የማውቀውን ያኔ የነገረኝ የለም። ከግጭቱ በኋላ አባቴ ምንም ነገር አይሸተውም ነበር፤ የምግብ ጣዕምም አብሮ ጠፍቶበታል። ሐኪሙ «ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ብሎ ሸኝቶታል። ጋጋሪ ደግሞ ዓይኑ እሳቱ ላይ ይሁን እንጂ የሚሠራው በአፍንጫው ነው፤ ሊጡ በሰለ፣ ሊያር ነው፣ ስጎው ኮመጠጠ፣ ቺዙ ተበላሸ የሚለውን የሚነግረው አፍንጫው ነው። ጉዱን የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከሰሙ ግን ከምድጃው ፊት ማንሳታቸው አይቀርም፤ አባቴ ደግሞ ከዚያ ምድጃ ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም።

የምግብ ቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ እሳቸው በሌሉበት «ሚዛን» ይሏቸዋል፤ አንዲት ድቡልቡል ሊጥ እንኳ ሳትመዘን አታልፋቸውም። እኚህ ሴትዮ በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ቤት ሊከፍቱ ተነሱ። «ማንም ያልሠራውን ፒዛ የሚያመጣልኝ፣ የአዲሱ ምድጃ አለቃ እሱ ነው» አሉ። ፂማሙ የሚሉት የአባቴ ባልደረባ ወዲያው ሽር ጉድ ማለት ጀመረ። አባቴ ዝም ቢል «ምን ሆኖ ነው?» መባሉ ነው፤ ቢሞክር ደግሞ የሠራውን ራሱ መቅመስ አይሆንለትም። መውጫውን ያገኘችው እናቴ ናት። አፍንጫ የማይፈልግ፣ በጆሮና በጥርስ የሚበስል ፒዛ እንሥራ አለችው። እኔ ግን የማየው ቤቱ ሁሉ ሲተራመስ ብቻ ነበር።

የአባቴ የዕረፍት ቀን ሰኞ ናት። በመጀመሪያዋ ሰኞ እናቴ የተረፈ ሩዝ ከእንቁላል ጋር አሽታ ትሪ ላይ ጠፈጠፈችና ውፍረቱን በልብስ መለኪያ ሜትሯ ለካችው። ከላይ ስጎ፣ ቺዝ፣ በስሱ የተከተፈ ካሮት። ሲቆረጥ ተበታተነ፤ በማንኪያ በላነው። በሁለተኛዋ ሰኞ መኮሮኒ ቀቅላ አጣብቃ ጋገረች። አባቴ «ቅርጫት እንደ መብላት ነው፤ ግን ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ የተወቀጠ ደረቅ ዳቦ መጣ፤ ቀጥሎ የሽምብራ ዱቄት፤ ሙዝ ከቃሪያ ጋር የተነሰነሰበትም ነበር። ቀይ ሥር የገባበት ቀንማ ቤታችን ነፍስ የጠፋበት መስሎ ዋለ። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ የእናቴን እጅ አይታ ከደጅ ተመለሰች።

አባቴ አንድ ቁራሽ አፉ ውስጥ ይከትና ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል። እናቴ ፊቱ ላይ ተንጠልጥላ ትጠብቃለች።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት። መሃሉ ግን ዝም ይላል።»

«ጠርዙስ?»

«ጠርዙ ጥሩ ነው።»

ፒዛን ማን ያዳምጣል? የደንበኞቿ የወገብና የትከሻ ልክ በሰፈረበት ደብተር ላይ «ድንች፦ ጠርዙ ይጮኻል፣ መሃሉ ዝም» ብላ ጽፋ አገኘሁ። እንግዲህ እናቴም ለይቶላታል አልኩ። ጣዕሙን ሲጠየቅ ደግሞ አባቴ ቢበላሽም ቢጥምም አንድ ቃል ብቻ ናት ያለችው፤ «ጥሩ ነው»። ከውስጡ የወጣች አትመስለኝም ነበር። ለእኔ ግን ያቺ ቃል እንኳ የለችም።

በቤታችን ቁጭ ብሎ የሚያርፍ ጠፋ። እናቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጥና ሦስት ጊዜ ረግጣ ትነሳለች፤ ለአንዲት ሙሽራ አንዱን እጅጌ ገልብጣ ሰፋችባት። አባቴ ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን ይመላለሳል። በሄደ በመጣ ቁጥር የጋዙን መክፈቻ ይነካል፤ ዘግቶ ይሄድና ተመልሶ መዘጋቱን ያያል። እናቴን አላመናትም አልኩ። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ፒዛው ኦቨን ውስጥ ሲገባ ነው። ፊት ለፊቱ ተገትሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «አባዬ» ስለው ጣቱን ያነሳብኛል። በሆዱ የሚረግመኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የወለቀ ጥርሴን ላሳየው እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ ከንፈሩ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እኔው «አባዬ፣ እያረረ እኮ ነው!» አልኩት። በሩን ሲከፍተው ከሰል ሆኗል። እናቴ ፒዛውን ሳይሆን እሱን አየችው፤ ከዚያ እኔን በቁጣ አየችኝ።

ይቆጥር ነበር። ሥራ ቦታም እንዲሁ፤ ሦስት ፒዛ በአንድ ጊዜ ሲገባ ሦስት ቁጥር በሆዱ ይዞ ይውላል። በአሥራ አንድ ዓመት ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ነበር።

በሰባተኛዋ ሳምንት የተፋቀ ድንችና ሩዝ ተጋብተው ተሳካላቸው። ከላይ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ በስሱ ተከትፎ የደረቀ ጎመን፣ ጠርዙ ላይ ሰሊጥ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ድንቹ ይንጫጫል፣ ይንጫጫልና ድንገት ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል በስሏል ማለት ነው። አባቴ ጆሮውን ወደ ኦቨኑ በር አስጠግቶ ሲሰማ ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ሲቆርሰው ኩርሽም አለ። እናቴ አጨበጨበች። ከአራት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው፤ እኔ ግን ይበልጥ ከፋኝ። ሳቁ በድንች ነው የመጣው፣ በእኔ አይደለም።

በሚቀጥለው ሰኞ ሚዛን ለምሳ ሊመጡ ተቀጠሩ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ፂማሙ አይቶ ይቀዳዋል ብለው ቤት ድረስ መምጣቱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። እናቴ ገና በጠዋቱ ሁለት ፒዛዎች አሰናዳች፤ አንዱ ለሙከራ፣ አንዱ ለሴትየዋ። ቺዙ እንደማይበቃ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ሻርፗን ጣል አድርጋ ወደ ሱቅ ሮጠች። አባቴ ፂሙን ሊላጭ ገባ። ወጥ ቤት ውስጥ እኔና ሁለቱ ትሪዎች ብቻችንን ቀረን።

ያደረግሁትን በክፋት አላደረግሁትም። ሰማያዊውን ጠርሙስ ከመስኮቱ ላይ አወረድኩ። የሙከራውን ፒዛ ጠርዝ በሙሉ በብሩሽ ቀባሁት፤ የተረፈውን እስከ ጠብታው አፈሰስኩበት። ሲሸተው እኔን ማስታወስ አለበት፤ አስታውሶም ይጠራኛል፤ እንደ ድሮው ጎንበስ ይላል። ሐሳቤ ይኸው ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ያቦካሁት ግን ለብዙ ዓመት በቃን።

አባቴ ፊቱን እያደረቀ መጣና ትሪውን አስገባ። ቤቱ ቀስ በቀስ ፀጉር ቤት፣ ፀጉር ቤት ሸተተ። ቀጥሎ አፍንጫ የሚዘጋ ሆነ። እሱ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የቀሚሴን ጫፍ እጠመዝዛለሁ፤ አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል። አልዞረም። ጸጥ ሲል አወጣው፤ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተው። ኩርሽም። ቅባቱ ከንፈሩ ላይ አበራ።

«አባዬ፣ ምን ይሸታል?» አልኩት።

ማኘኩን አቁሞ ትክ ብሎ አየኝ። ለምን እንደዚያ እንዳየኝ አልገባኝም ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ። «ፒዛ ፒዛ ይሸታል።»

ዓይን ያወጣ ውሸት! ሮጬ የዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ የሽንኩርቱ ቅርጫት አጠገብ ተወሸቅሁ። እናቴ ስትመለስ ከዚያ ሆኜ እግሯን ብቻ ነው የማየው። በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ምንድን ነው የበላኸው?»

«ምን ሆኗል?»

«ወይኔ! የልጅቷ ቅባት እኮ ነው!» አለች። ቀጥሎ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያለየሁት ድምፅ ከአፏ ወጣ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ የሙከራው ፒዛ ቆሻሻ ውስጥ ገባ፤ አባቴ አፉን በሳሙና ታጠበ። እኔን ለመፈለግ ጊዜ አልነበራቸውም። ሚዛን ከቀጠሯቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው በሩን አንኳኩ።

አጭር፣ ቦርሳቸውን በደረታቸው የሚይዙ ሴት ናቸው። ገና ሳይቀመጡ «ምነው፣ ፀጉር ቤት የገባሁ መሰለኝሳ!» አሉ።

«ልጅቷ ቅባት ደፍታ ነው፤ ይቅርታ እትዬ» አለች እናቴ።

«አንተስ እንዴት ቻልከው?» አሉት አባቴን።

«ለመድነው» አለ።

ሁለተኛው ፒዛ በጊዜው ተንጫጫ፣ በጊዜው ጸጥ አለ። ሚዛን ቆርሰው ሲነክሱት ድምፁ እኔ ተደብቄ ያለሁበት ድረስ መጣ። ቅንድባቸው ተነሳ። ደግመው ነከሱ። ከተደበቅሁበት ወጥቼ በሩን ተደግፌ ቆምኩ፤ ማንም አላየኝም። እናቴ እጆቿን ከጀርባዋ አቆላልፋ ጣቶቿን ትፈለቅቃለች።

«ይሄን ማን አሰበው?»

«አብረን ነው» አለ አባቴ።

«ስጎው ደግሞ ሽታው ልዩ ነው። ምን ጨመርክበት?»

ስጎውን የሠራችው እናቴ ናት። አባቴ «እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ጥሩ ነው» አለ።

ያቺ ቃል ስትወጣ ልቤ ቱግ አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ የእኔ አፍ ግን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!

«እትዬ ሚዛን፣ ውሸቱን ነው!» አልኩ። ቅጽል ስማቸውም አብራ ዱብ አለች። «ሁሉንም ጥሩ ነው ነው የሚለው! ጠዋት የፀጉር ቅባቴን በልቶ እንኳ ጥሩ ነው ብሏል! ፒዛ ፒዛ ይሸታል ብሏል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ይሄ ነው የባሰው። ሚዛን የያዙትን ቁራሽ ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። የተከፈቱትን መስኮቶች አዩ፣ የአባቴን ፊት አዩ። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ግቢው አወጣችኝና በሩን ዘጋች። መስኮቶቹን መዝጋት ግን ረስታለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ሴትየዋ።

«አራት ወር ሆነው» አለ አባቴ።

በጣቴ ቆጠርኩ። አራት ወር እኔን መውደድ ካቆመበት ጊዜ ጋር ልክ ገጠመ። እንግዲህ መዋሸት የጀመረውም ያኔ ነው አልኩ።

«እኔ ደግሞ ጠርዙ ሲጠቁር እያየሁ ምድጃው ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጠጋኝ አስመጣሁበት!» አሉ ሚዛን።

እናቴ «እትዬ፣ እስከዛሬ አንድ ሰው...» ብላ ጀመረች።

«እስከዛሬ። ነገስ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምድጃ ፊት ላቆምህ አልችልም። እስቲ አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ታቆማለህ?»

አባቴ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀም። «አላቆምም» አለ።

ከዚያ ኩርሽም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሚዛን ቁራሻቸውን አንስተው እየጨረሱ ነበር። «ከረቡዕ ጀምሮ ሊጥ ማቡኪያው ጋ ትገባለህ» አሉ። «እጅህን የሚያህል የለኝም። ፒዛዋን ግን እወስዳታለሁ።»

ሊጥ ማቡኪያው ከወጥ ቤቱ ጥግ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ የሚጀምርበት ቦታ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የዋሸ ልጅ ጥግ ይቆማል። ስለዚህ ፍርዱ ትክክል መሰለኝ። ደስ አለኝ እንኳ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የአዲሱ ምድጃ አለቃ ፂማሙ ሆነ፤ በጣም የተፈለገችውም የእናቴ ፒዛ ሆነች። የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ኩርሽም» ብለው ጻፏት። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ሌላ ሰው የሚጋግራትን ኩርሽም ከጥግ ሆኖ ሲሰማ ኖረ።

እውነቱን ያወቅሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ በጋዝ ታፍኗል፤ አባቴ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ጮኼ ጎትቼ አወጣሁት። እናቴ ያን ቀን ግቢ ውስጥ ሁሉንም ነገረችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልወረደልኝም፤ ወደ አባቴም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሱ ግን በሦስተኛው ቀን ቡን ያለ ዱቄት ከእጁ እያራገፈ መጣና «ድንቢጤ፣ ያን ቅባት እኮ አልጠላሁትም፤ ጠርዙን ጥሩ አድርጎት ነበር» አለኝ። አለቀስኩ፤ እሱም ሳቀ።

ግን የዚያን ሰኞ መጨረሻ ገና አልነገርኩም። ሚዛን ሄደው እናቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ሳትሰፋ ተቀምጣ ሳለ አባቴ ጠራኝ። ቀበቶውን ነው የጠበቅሁት። እሱ ተንበረከከና አፍንጫውን አናቴ ላይ ተከለ። ከአራት ወር በኋላ! ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ።

«እስቲ... ሰማያዊው ቅባት» አለ።

ያን ቀን ፀጉሬ ቅባት አልነካውም፤ ጠርሙሱን እኔው አራቁቼዋለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ቅርጫቱ አጠገብ ተወሽቄ ስለዋልኩ የምሸተው ሽንኩርት ሽንኩርት ነው።

«ተሳሳትክ!» ብዬ ጮህኩ። «ሽንኩርት ነው!»

«ሽንኩርት!» አለ። «ሌላስ?»

«ሌላ... አቧራ። የማጠቢያው ጨርቅ።»

«ሌላስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሎዬን የምናገረው እኔ ሆንኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን አናቴ ላይ ያደርጋል፤ እኔ የምሸተውን እዘረዝርለታለሁ። ጨዋታውን የረሳው ይመስለኝና አዝንለት ነበር።

እናቴ ከሞተች አምስት ወር ሆናት። ሰኞ ሰኞ አባቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ድንችና ሩዝ አጋብቼ እጋግርለታለሁ፤ ጆሮውን አስጠግቶ ጸጥ እስኪል ይጠብቃል። ትናንት የእናቴን ሻርፕ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ነበር። አቅፎኝ ሳለ ጣቶቹ ጨርቁ ላይ ቆሙ። ዓይኑ ቢደክምም እጁ አይስትም።

«የእሷ ነው አይደል?» አለ። ፈታሁና ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ፊቱ ላይ አደረገው። «እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ይሸታል?»

«የስፌት መኪና ዘይት» አልኩ። «ካውያ የነካው ጨርቅ። ትንሽ የተቆላ ኦቾሎኒ። ከሁሉም በታች ደግሞ ሰማያዊው ቅባት።»

ሻርፑን ባለፈው ሳምንት አጥቤዋለሁ። የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው።

አባቴ ጨርቁን ከፊቱ ሳያነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ።

«ጥሩ ነው» አለ።